የመምህር ላሊሶ የስህተት ደብተር

መምህር ላሊሶ መሞታቸውን የሰማሁት ከትምህርት ቤቱ ባንዲራ ሥር ነው። ጠዋት ተማሪው እንደተሰለፈ ርዕሰ መምህሩ ማይክራፎኑን በጣቱ ሁለት ጊዜ ቆረቆረና ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «የእንግሊዝኛ ሰዋስው አባት የነበሩት አንጋፋው መምህራችን፣ በትውልድ አገራቸው በወላይታ፣ ባደረባቸው ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» ብሎ አነበበ። ከተማሪው አብዛኛው አያውቃቸውም። ግማሹ ያዛጋል፣ ግማሹ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቷል። የደብረ ታቦር የጥቅምት ጠዋት እንዴት እንደሚቆረጥም ስለማውቅ አልፈርድባቸውም። እኔ በሩ ላይ ነበርሁ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነኝ። ዱላዬን ተደግፌ የቀረውን አዳመጥሁ።

«ዐሥራ አንድ ዓመት በትጋት ካስተማሩ በኋላ፣ በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ንብረት ክፍል ተዛውረው…» ሲል ጆሮዬን አላመንሁም።

በገዛ ፈቃዳቸው!

ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን ከማንም አብልጬ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ሰውየውን ከክፍል ያስወጣቸው ወረቀት ላይ የእኔ ፊርማ አለበት። መፈረም ያስተማሩኝ ደግሞ እሳቸው ናቸው። ይኸን የምጽፈው ለማልቀስ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ከሞቱ ወዲህ ሁሉም ወዳጃቸው ሆኗል። ርዕሰ መምህሩን «እሱ» እያልሁ መጻፌን የሚቀየም ካለ ይቀየም፤ አንቱታዬን ለሟቹ ጨርሻለሁ።

ስሜ ሙጨ ነው፤ ተማሪው አያ ሙጨ ይለኛል። ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ስለ እኔ ይኸ ይበቃል።

መምህር ላሊሶ ተመድበው የመጡ ቀን ከመናኸሪያ በእግራቸው ነበር የመጡት። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸው ከሹራባቸው ወጣ ያለ ሰው። በአንድ እጃቸው ሻንጣ፣ በትከሻቸው ማዳበሪያ ሙሉ መጽሐፍ። ከበሩ ፊት ለፊት ሲደርሱ ማዳበሪያው ተተረተረና መጽሐፉ ጭቃው ላይ ተዘረገፈ። እጃቸውን እያወዛወዙ ጠሩኝ።

«አንቱ! ምጡ! እባክዎ ምጡ!»

ከት ብዬ ሳቅሁ። እኛ አገር «ኑ» ይባላል፣ «ይምጡ» ይባላል፤ «ምጡ» የሚል ሰው በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። በሩ ላይ የቆሙት ተማሪዎችም ተንከተከቱ። አንደኛውማ ድምፃቸውን እያስመሰለ «ምጡ! ምጡ!» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይሳደባል ወይ ከዚያ ቀን ወዲያ አፉን ይዘጋል። እሳቸው መጽሐፋቸውን ጭቃው ላይ ትተው ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ማስታወሻ አወጡ።

«ምን ማለት ነበረብኝ?»

«ኑ» አልኋቸው እየሳቅሁ።

ጻፉት። «ለአንድ ልጅስ?»

«ና።»

«ለሴትስ?»

«ነይ።»

ሁሉንም ጻፉ። «ሄደ፣ ሂድ። ወጣ፣ ውጣ። መጣ… ና? ጉድ ነው! እኔ እኮ ሕጉን ጠብቄያለሁ፤ ቋንቋችሁ ነው የከዳኝ» አሉና እሳቸውም አብረውን ሳቁ። ከዚያ በኋላ ነው መጽሐፉን ያነሣንላቸው።

የእናታቸው ቋንቋ ወላይትኛ ነው። አማርኛን ያገኙት ትምህርት ቤት ገብተው፣ እንግሊዝኛን ደግሞ ከዚያ ወዲያ። ገበያ ሲወጡ ስለ ላም እንደ በሬ፣ ስለ በሬ እንደ ላም ይናገሩ ነበር። አንዲት ድንች ሻጭ ባየቻቸው ቁጥር «መምህር፣ ዛሬስ ላሟ ወንድ ናት ሴት?» ትላቸዋለች። «ዛሬ እንኳ ሴት ሆናለች፤ ለነገው አላውቅም» ይሏታል። ሴትዮዋ እየሳቀች ሁለት ድንች ትጨምርላቸዋለች። ሰውየው በስህተታቸው አያፍሩም ነበር። እኔ ይኸን ነገር አልወደድሁላቸውም፤ የተማረ ሰው እንዲህ ይሆናል ብዬ አላስብም ነበር።

ያን ጊዜ ቀን ቀን ከዘጠነኛ ክፍል መስኮት ሥር ያለውን ችግኝ የማጠጣ እኔ ነበርሁ። ስለዚህ የሁሉንም አስተማሪ ድምፅ አውቃለሁ። የሌሎቹ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ማኅሌት ነው። «አይ አም! ዩ አር! ሂ ኢዝ!» አንዱ ያወጣል፣ ሰባው ይቀበላል። ደወል ሲደወል ከእነዚያ ሰባ ልጆች አንዱን «ስምህ ማነው?» ብትለው በእንግሊዝኛ አይመልስልህም። የመምህር ላሊሶ ክፍል ግን ወሬ ነበር። እሑድ ምን ዋላችሁ? ማን ታመመ? በሬው እንዴት ጠፋ? ልጁ እየተንገዳገደ ይናገራል። ሲሳሳት አያቋርጡትም፤ እንደ ጎረቤት ተገርመው «እንዴ!» ይሉና የተናገረውን በትክክለኛው መንገድ መልሰው ይሉለታል፣ ከዚያ «ቀጥል» ይሉታል። ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ደግሞ ሰማያዊ ልባስ ያለው ወፍራም ደብተር ይከፍቱና አንድ ነገር ይጽፋሉ። ስሙን፣ ቀኑን፣ ስህተቱን።

አንድ ቀን ነገሩ ከነከነኝና ጠየቅኋቸው። «መምህር፣ የልጆቹን ጥፋት እየመዘገቡ ለማን ሊከሱበት ነው?»

«ጥፋት አይደለም፣ አያ ሙጨ። መንገድ ነው።» ደብተሩን ገለጡልኝ። ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም፤ በጣታቸው እያሳዩ ነገሩኝ። «ይህ ልጅ የከተማ ልጅ ነው፣ ቤቱ ቴሌቪዥን አለ። ይህች ከጋፋት በእግሯ የምትመጣ ናት። አይተዋወቁም። ስህተታቸው ግን አንድ ነው፣ ተራውም አንድ ነው። መጀመሪያ ትናንት የሆነውንም ዛሬ የሚሆነውንም በአንድ ቃል ይሉታል። ቆይተው ያለፈ ነገር ማሳያ የሆነችውን ቅጥያ ያገኟታል። ያገኟት ጊዜ በደስታ ሁሉም ቦታ ይለጥፏታል፣ የማትገባበትም ላይ። ከዚያ ቀስ እያሉ ከማትገባበት ይነቅሏታል። እኔም በዚሁ ነው ያለፍኩት። እኔ የወላይታ ልጅ፣ እነሱ የጎንደር ልጆች፣ መንገዱ አንድ!»

«ታዲያ ሕጉን ባንዴ ነግረዋቸው ለምን አይገላገሉም?»

«ነግሬያቸዋለሁ። ሁሉም ያውቁታል፤ ፈተና ላይ ይሠሩታል። አፋቸው ግን ገና አልደረሰም። እርስዎ ድንች ተክለው በሳምንቱ አፈሩን እየቆፈሩ ያያሉ?»

«ይበሰብስብኛል እንጂ!»

«እንግዲያውስ።» ደብተሩን ዘጉና ፈገግ አሉ። «ልጆችዎ አፍ ሲፈቱ ‹አባ ምጣ› አላሉዎትም?»

ክው አልሁ። ብላኛለች። የመጀመሪያ ልጄ፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ «አባ ምጣ! አባ ምጣ!» ስትለኝ ነበር። ማንም አላረማትም። በራሷ ጊዜ «ና» አለች። ፊተኛው ቀን በሰውየው ላይ የሳቅሁት ሳቅ ያን ጊዜ አንገቴን አስደፋኝ።

እኔንም ያስተማሩኝ ያኔ ነው፤ በዐሥራ አንደኛው ዓመታቸው። ምሳ ሰዓት ላይ የጥበቃ ቤቷ ውስጥ፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ። በየቀኑ የተረኛ መዝገብ ላይ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ስጫን አይተውኝ ኖሯል፤ «ይህ ጣት ሌላም ሥራ ይችላል» አሉኝ። ስሜን ስጽፍ የመጨረሻዋ ፊደል ታስቸግረኛለች። እግሯ ወደ ጎን ይሄዳል። ተናድጄ ካርቶኑን ስወረውር አንሥተው ያዩታል። «ዛሬ ጨ ተኝታለች። ነገ ትነሣለች» ይላሉ። ማንበብ ከጀመርሁ በኋላም በጣቴ እየተከተልሁ፣ አንዷን ፊደል ከአንዷ እያጋጨሁ ነበር። ሰው ካየኝ ወረቀቱን እደብቃለሁ። በዚህ ብቻ ተቆጥተውኛል። «አያ ሙጨ፣ የቸኮለ ሰው ይሂድ። ወረቀቱ እርስዎን ይጠብቃል!»

በዚያው ዓመት ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች፤ የጋፋቷ። ዓመቱን ሙሉ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ መምህር ላሊሶ ስህተቷን የሚመዘግቡት ከጻፈችው ላይ ነበር። መምህራኑ «ዲዳዋ» ይሏታል። መምህር ላሊሶ ስሟን ሲጠሩ ዝም ካለች አያስጨንቋትም፤ ያልፏታል። «እየሰማች ነው» ይላሉ። «ገና እየሰማች ነው።»

አሁን ወደሚያናድደኝ ደረስሁ።

እዚህ አገር አስተማሪ የሚለካው በቀይ እስክርቢቶ ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የተማሪውን ደብተር ይገልጣል፤ ቀይ ከበዛበት አስተማሪው ሠርቷል ማለት ነው። ርዕሰ መምህሩ ይኸን ስለሚያውቅ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው የመምህራን ክፍል ውስጥ ቀይ ቀለም እንደ በግ ደም ይፈሳል። መምህር ላሊሶ አልጻፉም። «ልጆቹ የማያነቡትን ለእንግዳ ብዬ አልጽፍም» አሉት። ያን ቀን ጥርሱን ነከሰባቸው።

ተቆጣጣሪው መጣ። ችግኙን እያጠጣሁ በመስኮት አያለሁ። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ገብቶ ደብተር ገለጠ፣ ቀይ አጣ፣ ፊቱን አጨፈገገ። ከዚያ ራሱ በእንግሊዝኛ ጠየቀ፤ እሑድ ምን እንደዋሉ ነው የጠየቀ። ከኋላ አንድ እጅ ተነሣ። ትርንጎ ነበረች።

«ማይ ብራዘር ጎድ ቱ ይፋግ» አለች። ወንድሜ ይፋግ ሄደ ማለቷ ነው፤ ‹ጎ› ላይ ያቺን ያለፈ ነገር ማሳያ ቅጥያ ለጥፋ።

ተቆጣጣሪው ሳቀ። ርዕሰ መምህሩ እሱን ተከትሎ ሳቀ። መምህር ላሊሶ ግን ከወንበራቸው ተነሥተው አጨበጨቡ! ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በርቷል።

«ምን ያስጨበጭባል?» አለ ተቆጣጣሪው። «ስህተት ነው እኮ! ‹ዌንት› ነው የሚባለው!»

«አዎን፣ ስህተት ነው። ግን አዲስ ስህተት ነው፤ ባለፈው ወር አልነበራትም። ‹ዌንት›ን ሸምድዶ የሚል ሞልቷል። ይህች ልጅ ሕጉን ራሷ አግኝታዋለች።»

«እርስዎ ደመወዝ የሚበሉት ስህተት ለማስተማር ነው?» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ ሰባ ተማሪ ፊት። ትርንጎ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዓመት ሙሉ ጠብቃ አፏን የከፈተች ልጅ! እኔ ባልዲዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ገብቼ አንድ ነገር ብናገር ምን አለበት? አልተናገርሁም። ዘበኛ ምን አግብቶት።

ከሦስት ቀን በኋላ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠራኝ። የአስተዳደር ሠራተኛው ተወካይ ተብዬ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ነበርሁ፤ ስብሰባ ግን ጠርተውኝ አያውቁም። ገብቼ ባይ ቃለ ጉባኤው አልቋል። ሁለት ገጽ፣ በኮምፒዩተር የተጻፈ፣ አራት ሰው ፈርሞበታል። የፈረሙት መምህራን ዙሪያውን ተቀምጠዋል።

«አያ ሙጨ፣ ተማርህ አሉ። ና ፈርም እስኪ» አለኝ። በልጄ ዕድሜ ነው።

ጸሐፊዋ የቀለሙን ሳጥን ከፈተች። «በጣታቸው ይሁንላቸው» አለች፤ አዝናልኝ ነው።

«አያስፈልግም። እፈርማለሁ» አልሁና እስክርቢቶ ተቀበልሁ። ጣቴን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አኖርሁ። ቃ… ለ… ጉ… ባ… ኤ። ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን አየ። ሁለተኛውን መስመር ጀመርሁ። ከመምህራኑ አንዱ «ቶሎ በሉ እንጂ፣ አያ ሙጨ! እርስዎ እስኪጨርሱ እኛ ጡረታ እንወጣለን» አለ። ሁሉም ሳቁ። ፊቴ ነደደ። ጣቴን አነሣሁና ወደ ታች ወርጄ ፈረምሁ። ምን እንደሚል እንኳ አልጠየቅሁም። ያለፈው ዓመት ቢሆን፣ በጣቴ የምፈርም ቢሆን፣ «አንብቡልኝ» እል ነበር። አሁን ግን የተማርሁ ሰው ነኛ!

የመምህር ላሊሶ ስም አራተኛው መስመር ላይ ነበር። ሁለት መስመር ብታገሥ እደርስበት ነበር። «የተማሪዎችን ስህተት ሆን ብለው የማያርሙ፣ በስህተትም ላይ የሚያጨበጭቡ በመሆናቸው ከማስተማር ሥራ ተነሥተው ወደ ንብረት ክፍል እንዲዛወሩ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ይላል። ሙሉ ድምፅ። ያለ እኔ ድምፁ ጎዶሎ ነበር።

በማግሥቱ የንብረት ክፍሉ ውስጥ፣ በተሰባበረ ወንበር መካከል ቆመው አገኘኋቸው። የወረቀቱ ግልባጭ እጃቸው ላይ ነበር።

«መምህር፣ አላነበብሁትም» አልሁ።

«አውቃለሁ።»

«በምን ያውቃሉ?»

«አንብበውት ቢሆን ቀኑን ሙሉ ይፈጅብዎት ነበር። እሱ ያን ያህል የሚጠብቅ ሰው አይደለም።» ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩት። «ጨ ተነሥታለች» አሉ።

አላሾፉም። አውቃቸዋለሁ፣ አላሾፉም። ምነው ባሾፉብኝ፣ ምነው በጥፊ በመቱኝ!

አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። «ይህንኑ ይጻፉልኝ። ‹ሳላነብ ነው የፈረምኩት› ብለው በእጅዎ ይጻፉልኝ። ፋይሌ ውስጥ ይግባ። ድምፁ ሙሉ ካልሆነ ይግባኝ እላለሁ፤ ክፍሌን ይመልሱልኝ ይሆናል።»

«ነገ እጽፋለሁ» አልሁ።

አልጻፍሁም። እንጀራዬን ፈራሁ፤ እሱ አንድ ነገር ነው። ከዚያ የባሰው ግን ዕፍረቱ ነው። ማንበብ ሳልችል እንደሚችል ሰው መፈረሜን በገዛ እጄ ጽፌ ለእነዚያ ሳቂዎች ልሰጥ? ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ በር በገቡ በወጡ ቁጥር «እንደምን አደሩ» አልኋቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ። ወረቀቱን አንድ ቀን እንኳ አላነሡብኝም። ወንበር ቆጠሩ፣ ጠመኔ አደሉ። መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት በንብረት ክፍሉ መስኮት እየተንጠለጠሉ እንግሊዝኛ ያወሯቸው ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ ከለከለ። ያን ክፍል የያዘው አዲስ አስተማሪ «አይ አም! ዩ አር!» ያስዘምር ጀመር። ትርንጎ እዚያው ዝምታዋ ውስጥ ተመልሳ ገባች። ከዚያ ወዲያ እንግሊዝኛ ስትናገር የሰማኋት በንብረት ክፍሉ ኋላ፣ አጥሩ ሥር፣ ከመምህር ላሊሶ ጋር ብቻ ነው፤ የተከለከለውን እንዳላየሁ ሆኜ አልፋለሁ። ለሰውየው ያደረግሁላቸው እሱን ብቻ ነው።

ጡረታ ወጥተው ሲሄዱ ሻንጣቸውን እስከ መናኸሪያ ተሸከምሁላቸው። መኪናው ሊነሣ ሲል ሰማያዊውን ደብተር በፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ። «ያነቡታል» አሉ። የጥበቃ ቤቷ ጣራ ሥር ሰካሁት። አልከፈትሁትም። የትርንጎን ስም አያለሁ ብዬ ፈራሁ።

የከፈትሁት ከዓመታት በኋላ፣ ርዕሰ መምህሩ ያን ውሸቱን በማይክራፎን ያነበበ ዕለት ነው። ሰልፉ እንደተበተነ ፌስታሉን ቀደድሁ። የልጆቹ ስም በየገጹ አለ፤ የትርንጎ ሦስት ገጽ ነው። ከሁሉም ኋላ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ የራሴን ስም አገኘሁ። «አያ ሙጨ» ይላል ከላይ። ከሥሩ ቀን በቀን ጽፈዋል። ጨ ተኝታለች። ጨ ተኝታለች። ሁለት ቃል አጣብቀው ጻፉ። ጨ ተነሣች። ከዚያ የቃለ ጉባኤው ቀን፤ «ሳያነቡ ፈረሙ። አዲስ ስህተት ነው፤ ባለፈው ዓመት አልነበራቸውም።»

ሌላ ቃል የለም። ስድብ የለም። በዚህም ተናደድሁ። ክፍላቸውን ያስቀማኋቸውን እኔን እንደ ትርንጎ ተማሪ አድርገው መዘገቡኝ!

ከዚያች ሰዓት ጀምሬ ደብዳቤውን ጻፍሁ። አምስት መስመር ናት፤ ሦስት ቀን ፈጀችብኝ። መምህር ላሊሶ በፈቃዳቸው አልተዛወሩም፣ ቃለ ጉባኤውን ሳላነብ ነው የፈረምሁት፣ ድምፁ ሙሉ አልነበረም፣ ይኸ ፋይላቸው ውስጥ ይግባ። ለርዕሰ መምህሩ ወሰድሁለት። አነበበና ፈገግ አለ።

«ሰውየው ሞተዋል፣ አያ ሙጨ። አሁን ይህ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ለእሳቸው ምንም አያደርግላቸውም። አንተ በባንዲራው ሥር ያነበብኸው ውሸት ግን ብቻውን አይቀመጥም።»

ፈገግታው ጠፋ። «ስህተት የበዛበት ነው። ጸሐፊዋ አስተካክላ ትጻፈው። ‹ሳላነብ› የሚለውም ይቅርና ‹በጊዜው ግልጽ ስላልነበረልኝ› ይባል።»

«አትንኩት!» ብዬ ጮህሁ። ጸሐፊዋ ከወንበሯ ዘለለች። «ስህተቱ የእኔ ነው። እንዳለ ይግባ!»

ትርንጎ ዛሬ ይፋግ አጠገብ አስተማሪ ናት። ይኸን ጽሑፍ ፊደሉን ያረመችልኝ እሷ ናት፤ ደብዳቤውን ግን ለእሷም አላስነካሁም። በስልክ ነገሩን ስነግራት «ደብተሩን ለእኔ ይስጡኝ» አለች። እሰጣታለሁ።

ያን ዕለት ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ እንደወጣሁ ደብዳቤውን ይዤ መዝገብ ቤት ገባሁ። መዝገብ ያዡ ማኅተም መታበት፣ ቁጥር ሰጠው፣ ከፋይሉ ጋር ሰካው። ከዚያ አንድ ትልቅ መዝገብ ወደ እኔ አዞረ። «ገቢ ስለማድረግዎ እዚህ ይፈርሙ» አለኝ። እስክርቢቶውን ተቀበልሁና ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ጣቴን ከላይኛው መስመር ላይ አኖርሁ። ከኋላዬ ሦስት መምህራን ተሰልፈዋል፤ አንደኛው ያን ቀን ቢሮው ውስጥ የሳቀ ነው።

«ቶሎ በሉ እንጂ፣ አያ ሙጨ!» አለ።

ሦስተኛው መስመር ላይ ደርሼ ነበር። ጣቴን አነሣሁና ከመጀመሪያው መስመር እንደገና ጀመርሁ።